አሥራ ሰባተኛው ቫልቭ

ሳጂዳ ጀማለዲን በወይራ ጉብታ ከተማ የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የቧንቧ ጥገና ሠራተኛ ሆና በተቀጠረች በሦስተኛው ዓመት፣ ከአባቷ ሱቅ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ወስዳ በላዩ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «የሁላችን» ብላ ጻፈችበት። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ መጠማመድ የተጀመረው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

ወይራ ጉብታ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቁይ በሚወስደው አቅጣጫ የምትገኝ ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። ውኃዋ ከሁለት ጥልቅ ጉድጓዶች በፓምፕ ተስቦ ጉብታው አናት ላይ ካለው ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሳይገፋ በራሱ ቁልቁል እየወረደ በየሰፈሩ ይዳረሳል። በመንገዱ ላይ ስልሳ ሦስት መዝጊያ ቫልቮች አሉ። ስልሳ ሦስቱም ከመሬት በታች ናቸው። አንዳንዱ ላይ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል፣ አንዳንዱ አጥር ታጥሮበታል፤ የብዙዎቹን ቦታ ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ያ ሰው ጋሼ የኋላሸት ናቸው። የመጀመሪያው ቧንቧ ሲቀበር በቀን ሠራተኝነት ቦይ ሲቆፍሩ ጀምረው፣ እዚያው ሙያ ለምደው፣ እዚያው ሸምግለዋል። ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመት ቢሆናቸውም በየዓመቱ ሰኔ ላይ ኮንትራታቸው ይታደስላቸዋል። የሚታደስበትን ምክንያት እሳቸውም ጽሕፈት ቤቱም ያውቁታል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም። አንድ መስመር ሲፈነዳ ስልክ ይደወልላቸዋል። ካፖርታቸውን ደርበው፣ ረጅሙን የቫልቭ ቁልፍ በትከሻቸው አጋድመው ይመጣሉ። አብሯቸው ሊሄድ የተነሣውን ሰው «አንተ የተሰበረበት ቦታ ሁነህ ጠብቅ» ብለው ያስቀሩታል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውኃው ይቆማል። የት ሄደው እንደዘጉት ሲጠየቁ ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም።

ሳጂዳ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚያውቀውን በመዝገቡ ልትጽፍ ስትነሣ መጀመሪያ የጠየቀችው ቆጣሪ አንባቢዋን ሂዊን ነው። ሂዊ ከተማዋን በር በበር ታውቃታለች፤ የትኛው ቆጣሪ ተሰብሮ እንደቆመ፣ የትኛው ግቢ ውስጥ ሰው ሳይጠሩ መግባት እንደማይቻል፣ የትኛው ሰፈር ውኃ የሚያገኘው ሌላው ሲዘጋ ብቻ እንደሆነ አንድ በአንድ አስጻፈቻት። ቀጥላ የፓምፕ ኦፕሬተሩን ጌቱን ጠየቀችው። ጌቱ መጀመሪያ «ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» ብሎ አላገጠ፤ ከዚያ ሁለተኛው ፓምፕ ሊቃጠል ሲል ስለሚያሰማው ድምፅ ሲነግራት ሁለት ገጽ ሞላ።

ጋሼ የኋላሸት ግን መዝገቡን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምንድን ነው እሱ? የነፍስ አባት ሆንሽ? ሁሉም እየመጣ የሚናዘዝልሽ?»

«እርስዎ ቢታመሙ፣ አንድ ነገር ቢገጥምዎት ብዬ ነው ጋሼ።»

«አልታመምኩም» አሉና ወጡ።

ነገሩን ያባባሰው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ አማረ ነው። አቶ አማረ ከዞን የመጣ ቅጽ ነበረበት፤ «የልምድ ልውውጥ» የሚል፣ በየሩብ ዓመቱ ተሞልቶ የሚላክ። ሳጂዳ መዝገብ መጀመሯን ሲሰማ ደስ ብሎት በስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «ጋሼ የኋላሸት እስከ ሰኔ ድረስ ያለዎትን እውቀት ሁሉ ለሳጂዳ ያስረክቡ» አላቸው።

ሳጂዳ «ያስረክቡ» የምትለው ቃል ሽማግሌው ላይ ስታርፍ አየች። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ። ከሥራ የሚሰናበት ሰው ነው ንብረት የሚያስረክበው።

ያም ሆኖ በማግሥቱ መጡ። በቀን አንድ ቫልቭ እነግርሻለሁ አሉ፤ ከዚያ አንድም አይጨምሩም። ከቦታው አይወስዷትም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። አሥራ ስድስቱ ላይ እንዲህ ደረሱ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን አዞሩ። መስኮቱን አዩ። ከዚያ «ከወፍጮ ቤቱ ግንብ ጥግ፣ አምስት እርምጃ ወደ ምሥራቅ» አሉ። ጻፈችው። በማግሥቱ አልመጡም። በሦስተኛው ቀን የእህታቸው ሞት ተነግሯቸው ለለቅሶ ደብረ ኤልያስ ሄዱ።

ይህ የሆነው በሚያዝያ ነው። እሳቸው አርብ ሄዱ፣ እሁድ መንገዱ ተዘጋ፣ በዚያው ቀን የስልክ መስመርም ተቋረጠ። ሰኞ መብራት ጠፍቶ ፓምፖቹ ቆሙ፤ ለጄኔሬተሩ የሚሆን ናፍጣ አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጌቱ በሞተር ሳይክል እየበረረ ግቢው ውስጥ ገባ።

«ሳጂ! ትልቁ መስመር ተቆርጧል! ከመናኸሪያው ሥር! ቦይ የሚቆፍረው እስካቫተር ነው!»

ስትደርስ ውኃው ከመሬት ተወርውሮ ከሰው ቁመት በላይ ይዘላል። መንገዱ ወንዝ ሆኗል። የእስካቫተሩ ሹፌር ከጋቢናው ወርዶ ጭንቅላቱን ይዞ ቆሟል። ጌቱ ማጠራቀሚያው ትናንት ማታ ከግማሽ በታች እንደነበረ ነገራት። በዚህ አያያዝ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም፤ መብራት እስኪመጣ ደግሞ የሚተካው ጠብታ የለም።

«ሂድ፣ ላይኛውን ዝጋ» አለችው። ጌቱ ወደ ጉብታው ወጥቶ የማጠራቀሚያውን መውጫ ዘጋ። ቀስ በቀስ ውኃው ወረደ፣ ጭቃው ብቻ ቀረ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ።

ሳጂዳ እፎይ አላለችም። ሆስፒታሉ ከመናኸሪያው በላይ ነው፤ ውኃ የሚያገኘውም ከዚያው ከትልቁ መስመር ነው። ማጠራቀሚያውን ስትዘጋ እሱንም አድርቃዋለች። ብትከፍተው ደግሞ ውኃው በስብራቱ ይፈሳል እንጂ ለሆስፒታሉ አይደርስም። ሁለቱን የሚለይ አንድ መዝጊያ ብቻ አለ፤ ከሆስፒታሉ በታች፣ ከስብራቱ በላይ። አሥራ ሰባተኛው ቫልቭ።

ይህን እያሰበች ሳለ አንዲት አዋላጅ ነርስ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች።

«ውኃ ለምን ቆመ? ሮቶ ታንከራችን ባዶ ነው! ሁለት እናቶች አሉን። አንዷ ኦፕሬሽን ትገባለች፣ ሐኪሙ እጁን የሚታጠብበት የለውም። ሌላዋ ደም ይፈሳታል!»

«ስንት ጊዜ አለን?» አለች ሳጂዳ።

«ጊዜ የለንም!»

ሳጂዳ የሰፈሩን ሰዎች ያላቸውን ጀሪካን ሁሉ ወደ ሆስፒታሉ እንዲያደርሱ ለመነቻቸው። ሰዉ ሁሉ ተሸክሞ መውጣት ጀመረ። ግን መብራት ከጠፋ ወዲህ በየቤቱም ውኃ ተሟጥጧል፤ የሚደርሰው በጥቂት በጥቂቱ ነው። እሷ መዝገቡን ይዛ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠች። ከግንቡ ጥግ አምስት እርምጃ ወደ ምሥራቅ ለካች። ሁለት የቀን ሠራተኞች ዶማና አካፋ ይዘው ቆፈሩ። ግማሽ ሜትር፣ አንድ ሜትር። የለም። ወደ ግራ አሰፉት፣ የለም። ወደ ቀኝ አሰፉት።

ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ አፈሩን በእጇ ጨበጠች። አፈሩ ቀይ፣ ድፍን፣ ሥር የያዘ ነበር። ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር እንዲህ አይደለም። ይህ ቦታ ከተፈጠረ ጀምሮ ዶማ አላረፈበትም።

ዋሽተውኛል አለች በልቧ። ተሳስተው ነው እንዳትል፣ የኋላሸት ቦታ አይሳሳቱም። ፊታቸውን አዙረው መስኮቱን ያዩበትን ቅጽበት አስታወሰች። ማልቀስ አማራት፤ ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበረም።

ከጉድጓዱ ወጥታ ሂዊን ጠራቻት። ጌቱም ከጉብታው ተመልሶ ነበር። «ስሙኝ» አለቻቸው፤ «ጋሼ የኋላሸት የታችኛውን ሰፈር ሲዘጉ ምን አያችሁ? ምንም ይሁን። ትንሽም ትሁን ንገሩኝ።»

ሂዊ ግንባሯን አሸች። «እኔ... የታችኛው ሰፈር በተዘጋ ቀን ሁልጊዜ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ግቢ ውስጥ የቦት ጫማ ጭቃ አያለሁ። የእማሆይን ቆጣሪ ሳነብ 'አባትሽ አሁን ነው የሄደው' ይሉኛል። ጋሼ ጸበል ሊቀምሱ፣ ሊያጫውቷቸው የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር።»

ሳጂዳ ቀጣዩን ሳትሰማ መሮጥ ጀመረች፤ ሂዊ እየሮጠች፣ ጌቱም የጽሕፈት ቤቱን የቫልቭ ቁልፍ ይዞ በሞተሩ ተከተሏት።

የእማሆይ ወለተ ሐዋርያት ግቢ ከወፍጮ ቤቱ ሁለት መንደር ከፍ ብሎ ነው። መነኩሲቷ ቢጫ ቆባቸውን አድርገው በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሳጂዳ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነገረቻቸው። እማሆይ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«የኋላሸት ለማንም እንዳላሳይ አደራ ብሎኛል። መስቀል አስይዞ ነው ቃል ያስገባኝ።»

«እማሆይ፣ እኔ ቃልዎን ያፍርሱ አልልም። ግን ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ወላዶች አሉ። ጋሼ የኋላሸት እዚህ ቢኖሩ ኖሮ እስካሁን ዘግተውት ነበር። እሳቸው የሚሠሩትን ነው የምሠራው።»

እማሆይ መቋሚያቸውን አንሥተው ከአጥሩ ጥግ ወደተከመረው ማገዶ ጠቆሙ።

«የወላድ ነፍስ ከሆነ፣ አደራውን ከእሱ ጋር እኔ እጨርሰዋለሁ። ከእንጨቱ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። አንሱት።»

ሦስቱም ማገዶውን በተኑት። ድንጋዩን ገለበጡት። ከሥሩ በግንብ የተሠራ ጠባብ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ደግሞ በግራሶ የተቀባ የቫልቭ አናት ታየ። ጌቱ ቁልፉን ሰክቶ ወደ ቀኝ፣ ማንኛውም ቫልቭ ወደሚዘጋበት አቅጣጫ፣ ጎተተው። አልነቃነቅ አለ። እንደገና ጎተተ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ።

«ቧንቧ አምጡልኝ፣ እጀታውን ላስረዝመው» አለ።

«ቆይ!» አለች ሳጂዳ። ግራሶው አዲስ ነው። እንዲህ የተቀባ ቫልቭ እንዴት ይደርቃል? «በጉልበት ብንለው አንገቱ ይሰበራል። ከተሰበረ አለቀልን። ጌቱ፣ ጋሼ እዚህ ሲመጡ ምን ይሉ ነበር? አስታውስ።»

«ምንም አይሉም። ብቻቸውን...» ጌቱ ቆም አለ። «'ጠማማውን ዘግቼ ልምጣ' ይሉ ነበር። እኔ ስለ አንድ የተጣሉት ሰው የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።»

ሁለቱም ወደ ቫልቩ አዩ።

«ጠማማው ይህ ነው። ወደ ግራ» አለች ሳጂዳ።

ጌቱ እጁን ሰበሰበ። «አንቺ አዙሪው። እኔ ጉልበት አበዛለሁ።»

ቁልፉን ይዛ ወደ ግራ ገፋችው። ቅቤ ላይ እንደሄደ ቢላ ሄደ። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ አምስት። ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ሃያ ሁለተኛው ዙር ላይ ቆመ። ጌቱ ወዲያው ሞተሩን አስነሥቶ ማጠራቀሚያውን ሊከፍት ወደ ጉብታው ወጣ፤ ሂዊ ወደ ሆስፒታሉ፣ ሳጂዳ ወደ ስብራቱ ሮጠች። ስብራቱ አፍ ላይ ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ ጠበቀች። ውኃ ቢመጣ ቫልቩ አልያዘም ማለት ነው። ደቂቃዎች አለፉ። ትንሽ አንጠባጠበ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ከላይ፣ ከሆስፒታሉ በኩል፣ «ውኃ መጣ!» የሚል የሂዊ ጩኸት ተሰማ።

ኦፕሬሽኑ ሃምሳ ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ። እናትየውም ልጁም ደኅና ወጡ። ስለ ደም የሚፈሳት ሴት ግን ሰው እስከ ማምሻው ድረስ በጭንቅ ላይ ነበር፤ ወደ ደብረ ማርቆስ እንዳይወስዷት መንገድ የለም። እዚያው ሆና ተረፈች።

ጋሼ የኋላሸት መስመሩ በተቆረጠ በስድስተኛው ቀን፣ ከመንገዱ እኩሌታውን በእግራቸው ተጉዘው ተመለሱ። ቤታቸው ሳይገቡ ነው ወደ ጽሕፈት ቤቱ የመጡት። ሳጂዳ ብቻዋን ነበረች። ወንበር ስባ ሰጠቻቸው፤ አልተቀመጡም።

«አገኘሽው አሉ።»

«አገኘሁት። ስለ እህትዎ... እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን» አሉ። «ወደ ግራ አዞርሽው?»

«መጀመሪያ ወደ ቀኝ ሞክረን ነበር። ትንሽ ብንገፋ ይሰበር ነበር። ለምን ዋሹኝ ጋሼ?»

«አሥራ ስድስቱን በእውነት ነግሬሻለሁ።»

«እሱን ለምን ዋሹኝ?»

ሽማግሌው አሁን ተቀመጡ። «ሰኔ ሲመጣ የሚፈልጉኝ በእሱ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሌላው ቢጠፋ ሰፈር ነው የሚጠማው። እሱ ከጠፋ ከተማ ነው። እሱን ለራሴ አስቀረሁ። ክፉ ቀን ይመጣል፣ እኔም እዚህ አልኖርም ብዬ አላሰብኩም።» ከዚያ ቀና ብለው «ሴቶቹ ተረፉ?» አሉ።

«ተረፉ።»

በማግሥቱ አቶ አማረ ሳጂዳን ቢሮው አስጠራት። ወፍጮ ቤቱ ሥር የተቆፈረውን ባዶ ጉድጓድ አይቶታል። «ያንን ቦታ ማን እንደነገረሽ ጽፈሽ ፈርሚልኝ። ዛሬውኑ የስንብት ደብዳቤ ይወጣላቸዋል።»

ሳጂዳ ነጩን ወረቀት አየችው። ተቆጥታለች፤ ያቺ ጠዋት እንቅልፍ ነሥታታለች። ብትጽፍ ውሸት አይሆንም።

«አርባ ስድስት ቫልቭ ይቀረናል አቶ አማረ» አለች። «ዛሬ ካሰናበቷቸው ማን ያሳየናል? አልፈርምም።» ይህን ያለችው አዝናላቸው ይሁን ቫልቮቹ አሳስበዋት፣ ራሷም አጥርታ አላወቀችውም።

ለጋሼ የኋላሸት ሁሉንም ነገረቻቸው። «ቃል ግን አልገባልዎትም» አለቻቸው፤ «ኮንትራት የምፈርመው እኔ አይደለሁም። አሳይተውን ሲጨርሱ ሊያሰናብቱዎት ይችላሉ።»

«አውቃለሁ» አሉ። ካፖርታቸውን ደርበው ተነሡ። «ጌቱንም ጥሪው፣ ሂዊንም። ቁጭ ብዬ አልነግርሽም። አንዴ ዋሽቼሻለሁ፤ ስለዚህ የምነግርሽን እንዳትጽፊ። ቆፍሪ፣ እዪ፣ በእጅሽ አዙሪ፣ ከዚያ ጻፊ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከተማዋን በእግር ዞሯት። እያንዳንዱ ቫልቭ ተቆፍሮ ታየ፣ ተዘግቶ ተከፈተ፣ በአቅራቢያው ካለ ከማይነቃነቅ ነገር በሜትር ተለካ። ሳጂዳ አንድ ደንብ አወጣች፤ ሁለት ሰው በዓይኑ አይቶ ካልፈረመበት በቀር መዝገቡ ላይ ምንም አይገባም። አንዳንድ ቀን ሽማግሌው ጉድጓዱ ዳር ቆመው ያንን ቧንቧ ማን እንደቀበረው፣ ያን ዓመት ዝናቡ እንዴት እንደነበረ ያወራሉ፤ ሂዊ ከኅዳጉ ላይ እሱንም ትጽፈዋለች። በሌላ ቀን ደግሞ ከጧት እስከ ማታ አይናገሩም። ስልሳ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቁልፉን ለጌቱ ሰጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰኔ ላይ ኮንትራቱ አልታደሰም። ሳጂዳ አቶ አማረ ዘንድ ሁለት ጊዜ ገብታ ተከራከረች፤ አሠልጣኝ ሆነው ይቀጠሩ ብላ ደብዳቤ ጻፈች፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ፈረሙበት። መደብ የለም ተባለ። የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው። ለሽኝታቸው በተዘጋጀው ምሳ ላይ አልተገኙም። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ቧንቧ እየገጠሙ ይሠራሉ፤ ሥራ አላጡም። ሳጂዳን መንገድ ላይ ሲያገኟት ባርኔጣቸውን ነክተው ያልፋሉ፣ አይቆሙም። እሷም አትከተላቸውም። የሠራችው ትክክል እንደነበረ ታውቃለች፤ ባየቻቸው ቁጥር ግን አንገቷን የሚያስደፋት ነገር አልለቀቃትም።

በታኅሣሥ የወንድሟ የሙስዓብ ሠርግ ቁይ ላይ ነበር። ሦስት ቀን ቆይታ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገባ መዝገቡን ገለጠችው። በጌቱ ጠማማ የእጅ ጽሑፍ አዲስ ነገር ሰፍሯል። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የገበያው መስመር ፈንድቷል። ሂዊ ሠላሳ አንደኛውን ዘግታለች፤ በአሥራ ሁለት ደቂቃ። ከሥሩ ደግሞ «ሳጂዳ ስምንት ሜትር ያለችው ዘጠኝ ነው። ለክተን አርመነዋል» የሚል ሁለት ፊርማ ያለበት መስመር ነበረ።

ሂዊ የቆጣሪ ወረቀቶቿን እየደረደረች ነው።

«ለምን አልደወላችሁልኝም?» አለቻት ሳጂዳ። «ስልክ እኮ ይሠራ ነበር።»

ሂዊ ግራ ገብቷት ቀና አለች። «ሠርግ ላይ ያለሽን ሰው? ለምን ብለን? ተጽፏል እኮ።»

ሳጂዳ ልትስቅ ፈለገች። ደስ ብሏታል፤ በእውነት ደስ ብሏታል። ከደስታው ሥር ግን አንድ ነገር ደረቷን ወጋት። ፈንድቷል ሲባል ማንም «ሳጂዳ የት አለች?» አላለም። እሷ በሌለችበት ከተማው ውኃውን ዘግቶ፣ ጠግኖ፣ ከፍቶ ውሎ አድሯል። መስኮቱ አጠገብ ቆማ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ አየች።

ከዚያ እስክሪብቶ አንሥታ፣ ከሁለቱ ፊርማዎች አጠገብ የራሷን ስም ለመጨመር አሰበችና፣ በዓይኗ አለማየቷን አስታውሳ ተወችው። የመለኪያ ሜትሩን ኪሷ ከትታ ወደ ገበያው ወጣች።